የእማማ ቦንቼ ጓሮ ዝናብ

ስሜ ካንኮ ነው። በአርባ ምንጭና በዙሪያዋ ባሉት ተራሮች ላይ ያለውን ሰማይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አሁንም ያለ አይመስለኝም። «ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ስለሚሆን ተውኩት። እኮራለሁ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ የምዕራብ ዓባያ ገበሬ ልጅ፣ በዘበኝነት በገባበት ግቢ ባለሙያ ሆኖ ጡረታ ሲወጣ ካልኮራ ማን ይኩራ? ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው «ካንኮ፣ ዘንድሮ በጋው እንዴት ይመስልሃል?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ ወደ እነሱ አይቼ መልስ ሰጥቻለሁ። ብዙ ጊዜ ልክ ነበርኩ። አንድ ጊዜ አልነበርኩም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዋናነት ስለዚያች አንድ ጊዜ ነው።

በቅርቡ ወደ ድሮው የሜትሮሎጂ ግቢያችን ጎራ ብዬ ነበር። አንድ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ግራጫ ሳጥን በራሱ ይለካል፣ በራሱም ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ያስጎበኘኝ ወጣት ጨዋ ልጅ ነው። «አባባ፣ አሁን ሰው መጥቶ ማንበብ አያስፈልገውም» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። እቤቴ ስደርስ ግን ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ግቢው አጥር ያለው፣ ሣሩ በየሳምንቱ የሚታጨድ ሜዳ ነበር። መካከሉ ላይ በአራት እግር የቆመ፣ ጎንና ጎኑ የተሸነሸነ ነጭ የእንጨት ሳጥን አለ። ባለ ብዙ በር የንብ ቀፎ መስሎኝ የመጀመሪያውን ሳምንት በሩቁ ዞርኩት። የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ መኮንን ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው በአምስተኛው ቀን ጠሩኝ።

«ና፣ ንቦቹን ላሳይህ» አሉና ሳጥኑን ከፈቱት። ውስጡ አራት ቴርሞሜትሮች ነበሩ። «እነዚህ አይነድፉም። የሚነድፈው የተሳሳተ ንባብ ነው።»

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ የመስታወት ኳሱ ነው። በብረት መቀመጫ ላይ ብርቱካን የሚያህል ጥርት ያለ ኳስ ተቀምጧል፤ ከኋላው ቀጭን ካርቶን ይደረጋል። ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኗ በኳሱ አልፎ ካርቶኑን እያቃጠለ ይሄዳል። ደመና ሲመጣ መስመሩ ይቋረጣል፣ ሲገፈፍ ይቀጥላል። አመሻሹ ላይ ካርቶኑን ሲያወጡት፣ ፀሐይ በምን ሰዓት እንደታየችና በምን ሰዓት እንደተሸሸገች በራሷ እጅ ጽፋ አስቀምጣዋለች። ያን ቀን ካርቶኑን ይዤ የቆምኩበትን ቦታ ዛሬም አሳያችኋለሁ። እኔ ስሜን ለመጻፍ እየታገልኩ፣ ፀሐይ ትጽፋለች!

ከዚያ ወዲያ ዘበኝነቱ ለስሙ ብቻ ሆነ። የተጣሉ ቅጾችን እየለቀምኩ በምሳ ሰዓት ቁጥሮቹን እገለብጥ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ ዓይኔ ነው ያስተማረኝ። ጋሽ መኮንን ወባ ጥሏቸው ሦስት ቀን በተኙ ጊዜ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓትም ከሰዓትም እያነበብኩ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ መዘገብኩ። ሲነሱ ፓኮዎቹን አንድ በአንድ አዩና ቁጥሮቹን መዝገቡ ላይ ገለበጧቸው።  በወሩ ለባለሙያነት ፈተና እንድቀርብ ጻፉልኝ፤ አለፍኩ። ደመወዜ በጥቂት ብር አደገ፤ ቁመቴ ግን በክንድ ያህል የጨመረ መሰለኝ።

የጋሽ መኮንን ልማዶች ዛሬም ከእኔ ጋር ናቸው። ከንባቡ ሰዓት ሩብ ሰዓት ቀድመው ይወጣሉ፤ ዝም ብለው ቆመው ሰማዩን ያያሉ። ቁጥሩን ጮክ ብለው ሁለት ጊዜ ሳይናገሩ አይጽፉም። ላጲስ በቢሮአቸው አይገባም፤ የተሳሳተ ቁጥር ላይ አንድ ቀጭን መስመር አስምረው ትክክለኛውን ከላይ ይጽፋሉ። «የሳትከውም ይታይ። የሚደብቅ መዝገብ መዝገብ አይደለም» ይሉ ነበር። ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ በየትኛውም መመሪያ ውስጥ የለም። የዝናብ መለኪያውን ከማንበባቸው በፊት በርከክ ብለው ሌባ ጣታቸውን አጠገቡ ያለው አፈር ውስጥ ይሰኳሉ። ከዚያ ጣታቸውን አይተው፣ ጠርገው፣ ወደ መለኪያው ይሄዳሉ። እኔ በልቤ እስቅ ነበር። ሚሊ ሜትር እስከ አሥረኛዋ የሚለካ ብርጭቆ እያለ ጣት ምን ያደርጋል?

ትንበያ መስጠት የእኛ ሥራ አልነበረም፤ የአዲስ አበባ ነበር። ከእኛ የሚፈለገው ቁጥር ብቻ ነው። ነገር ግን የአውራጃው ሰዎች ቁጥር አይገዛቸውም። «ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?» ነው የሚሉት። ጋሽ መኮንን «አላውቅም» ይሉ ነበር። እኔ ግን እያወቅሁ እንዴት አላውቅም ልበል? በበጋ ጠዋት የዓባያ ጉም ከሦስት ሰዓት በፊት ተነስቶ ወደ ተራራው ከተጠጋ፣ ነፋሱም ከነጭ ሣር ሜዳ በኩል ለስለስ ብሎ ከነፈሰ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ያካፋል። ጉሙ ሐይቁ ላይ እንደተኛ ካረፈደ በጋው ደረቅ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በዓይኔ ለቅሜ ያገኘሁት ነው። ሦስት በጋ በተከታታይ ተናገርኩ፤ ሦስቱም እንዳልኩት ሆኑ። እታች ቆላው ላይ ያሉት የላንቴ ሙዝ ገበሬዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ ይጠይቁኝ ጀመር። ጋሽ መኮንን ወደ አዲስ አበባ ሲዛወሩ ጣቢያው በእኔ እጅ ቀረ።

አገሩ ሁሉ በድርቅ የተጨነቀበት ዓመት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በተራራው ላይ፣ ከጨንቻ በላይ፣ መለኪያ የሚያነብ ሰው አልነበረንም። ስለዚህ የማጠራቀሚያ ጣሳ ወስጄ ልተክል ወሰንኩ። ይህ ጣሳ የወሩን ዝናብ ሁሉ ይሰበስባል፤ ውሃው እንዳይተን ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረግበታል፤ በወሩ መጀመሪያ ሄዶ መስፈር ብቻ ነው። ሐሳቡ የእኔ ነበር።

በጭነት መኪና እስከ ጨንቻ፣ ከዚያ በእግር ወጣሁ። ያን መንገድ ያልወጣ ሰው ምን እንደጎደለው አያውቅም። ከአንድ መታጠፊያ ላይ ዞር ስትሉ ሁለቱ ሐይቆች አንድ ላይ ይታያሉ፤ ዓባያ እንደ ሸክላ ቀልቶ፣ ጫሞ እንደ ሰማይ ጠርቶ፣ መካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ ተጋድሞ። ታች ያለው ሙቀት ሸሚዝ ያስወልቃል፤ እላይ ጠዋት ውርጩ በእንሰቱ ቅጠል ላይ እንደ ጨው ነጥቶ ያድራል። እኔ በቁጥር የምጽፈው ነገር ሁሉ እዚህ ቆሞ ያየኛል። እንዲህ ያለውን ነገር የሠራ እጅ ምን ዓይነት ነው? ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ፤ አንድም ጊዜ ሳልቆም አላለፍኩም።

ጣሳውን የተከልኩት በእማማ ቦንቼ ጓሮ ነው። ባል የሞተባቸው፣ ልጃቸው ሸማ ሊሠራ አዲስ አበባ የገባ፣ ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ኦይቻ ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። በጋሞኛ እንዲህ አልኳቸው፤ «እማማ፣ ይህ የእኔ ዕቃ ነው። አደራ ይጠብቁልኝ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን እየመጣሁ ውስጡ ያለውን እወስዳለሁ።»

«በደህና ሰው እጅ ነው የገባው» አሉኝ።

ኅዳር አንድ ቀን ስወጣ ጣሳው ውስጥ ውሃ አገኘሁ። ሰፈርኩት። ጥርት ያለ፣ አንድ ጉድፍ የሌለበት ውሃ ነበር። «የተራራ ዝናብ እንዲህ ንጹሕ ነው!» ብዬ ተደነቅሁ። ታኅሣሥ አንድ ቀንም ያንኑ ያህል አገኘሁ። እማማ ቦንቼ በር ላይ ቆመው ፈገግ ብለው ያዩኛል። እኔም ፈገግ ብዬ ወረድኩ። ታች ያለው መለኪያ ደርቆ ሳለ ተራራው ላይ ማካፋቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ!

በዚያ ወር የአውራጃው ኮሚቴ ጠራኝ። መጋዘን ውስጥ ለዘርም ለቀለብም የሚሆን እህል አለ፤ ለቆላውም ለደጋውም ግን አይበቃም። ገብስ የሚዘራው የበጋው መውጫ ላይ ነው፤ ደጋው ዘሩን በልቶ ከሆነ እህሉ ቶሎ ካልወጣለት ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። ጓድ አስተዳዳሪው ጠረጴዛውን በእርሳስ መታ እያደረገ ጠየቀኝ።

«ጓድ ካንኮ፣ አጭር መልስ። ተራራው በበጋው ዝናብ አለው?»

«አለው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ለክቼዋለሁ» አልኩ። እንዴት ደስ ብሎኝ እንዳልኳት! መኪኖቹ ወደ ምዕራብ ዓባያና ወደ ሌላው ቆላ ሄዱ።

ሳምንት ሁለት ሳምንት አልፎ የተራራው ሽማግሌዎች ወረዱ። በእኛ አገር ሽማግሌ ለዕርቅ ወይም ለልመና ሲመጣ እርጥብ ሣር ይይዛል። እነዚያ ሰዎች የያዙት ሣር ቢጫ ነበር፤ በእጃቸው ውስጥ ይሰባበራል። አይቻለሁ። በዓይኔ አይቼ፣ እኔ ሰማይ አንባቢው፣ ያንን ማንበብ አቃተኝ።

አስተዳዳሪው «ዝናብ አግኝታችሁ ታለቅሳላችሁ? ይኸው የለካው ሰው!» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ።

አንዱ ሽማግሌ ረጋ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ አንተ የለካኸው ዝናብ የወረደው በማን ተራራ ላይ ነው?»

«በእናንተው ነው፣ አባቴ» አልኩ።

«እንግዲያው እኛ ሌላ ቦታ ነው የምንኖረው» ብለው ሣራቸውን ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት በሬዲዮ ቁጥር ስናቀብል የጋሽ መኮንን ድምፅ መጣ። በዚያው መስመር ላይ ሌላ ሠላሳ ጣቢያም ያዳምጣል።

«ካንኮ፣ የተራራው ጣሳህ ለምንድን ነው በየወሩ እኩል የሚሆነው? ሰማይ በኩባያ እየሰፈረ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም።»

«ንባቡ ትክክል ነው፣ ጋሽዬ። ሁለት ጊዜ ነው ጮክ ብዬ ያልኩት።»

«አፈሩንስ ነክተሃል?»

«አልነካሁም» አልኩ።

«ሂድና ንካው።»

ጥር ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ሳልጠበቅ ወጣሁ። ጣሳውን ስከፍት አፉ ላይ ሸረሪት ድር ሠርታለች። ውስጡ አቧራና የደረቀ የዘይት ቅሪት ብቻ ነው። በርከክ ብዬ ጣቴን ወደ አፈሩ ሰካሁ፤ አልገባም። ጥፍሬ ተሰበረ።

እማማ ቦንቼ ከቤት ብቅ ብለው ሲያዩኝ ደነገጡ። «ውይ! ወሩ ገባ እንዴ?»

«አልገባም፣ እማማ።»

«ታዲያ ሳትነግረኝ ለምን መጣህ? ዕቃህ ባዶ ነው!» ውሃ የሚቀዱበትን ቅል አነሱ፤ እሱም ባዶ ነበር። እፍረት ፊታቸውን ሞላው።

«እማማ፣ ባለፈው የወሰድኩት ውሃ ከየት መጣ?»

«ከምንጭ ነዋ! ከየት ይምጣ?»

«ከየትኛው ምንጭ?»

«የቅርቡማ ከደረቀ ቆየ። ከገደሉ ሥር፣ እዚያ ታች። ጎህ ሲቀድ ወርጄ ፀሐይ ሲሞቅ እመለሳለሁ።»

«ለምን?»

«ለምን ይላል እንዴ! ዕቃዬን ጠብቁልኝ፣ መጥቼ ያለውን እወስዳለሁ አላልክም? የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል? እናት አላሳደገችህም?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግ ጊዜ ቢሆን ወተት ነበር የምሞላልህ። ላሟ ነጥፋ ነው እንጂ። ግን ውሃውንም ስታይ ደስ ሲልህ አየሁ። ለአንድ ጣሳ ውሃ እንዲህ የሚደሰት ሰው አለ ብዬ ለጎረቤት አውርቻለሁ።»

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ አሳድጋኛለች፤ እናቴም የጎረቤትን ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም። ልማዱን አውቀዋለሁ። ቃሉንም የተናገርኩት እኔው ነኝ። በሥራ ዘመኔ መብረቅ ዛፍ ሲሰነጥቅ፣ ዓባያ ማዕበል ሲያነሳ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት ግን ተደንቄ አላውቅም። የሚጠጣ ውሃ በቸገረበት ዓመት አንዲት አሮጊት፣ እንግዳ ባዶ እጁን እንዳይሄድ ብለው ገደል ወርደው ይወጣሉ። ይህን የሚለካ ብርጭቆ እኔ ዘንድ የለም።

«እማማ» አልኩ፣ «ይህ ዕቃ ሌላ ዓይነት ነው። ባዶውን ሲመለስልኝ ነው የሚከበረው። ከሰማይ ካልወረደ በቀር ማንም አይጨምርበት።»

«እንዲህ ያለ ዕቃ አይቼም ሰምቼም አላውቅ» አሉ፤ ግን እሺ አሉኝ። «ኦይቻ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር።»

«የት ሄዱ?»

«ላንቴ። እህሉ አይመጣም ሲባል ሙዝ ሊኮተኩት ወረደ። ብዙ ቤት ወርዷል።»

 ደገኛ ሰው በዚያ ወቅት ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ወባ።

ወርጄ መዝገቡን ከፈትኩ። በኅዳሩና በታኅሣሡ ቁጥር ላይ አንድ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩ፤ ከላይ ዜሮ፣ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቢሮ ሄጄ አስተዳዳሪው ፊት ቆምኩ። ሦስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል።

«ጓድ፣ ተሳስቻለሁ። ተራራው ላይ ጠብታ አልወረደም።»

እርሳሱ ቆመ። «ለክቼዋለሁ ብለኸን አልነበረም?»

«የለካሁት የሰማይ ውሃ አልነበረም።»

«ታዲያ ሰው ነው የጨመረው! ሆን ብሎ!» አንዱ አባል ብድግ አለ። «ይህ አሻጥር ነው። ስሙን አምጣ።»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን ማለት እንደነበረ የኖረበት ያውቃል። ስም ከሰጠሁ እኔ በነጻ እወጣለሁ፤ እማማ ቦንቼ ግን ከተራራው ታስረው ይወርዳሉ።

«ስም የለም» አልኩ። «ጣሳውን የተከልኩት እኔ፣ ያነበብኩት እኔ፣ ሳላጣራ የጻፍኩት እኔ። የሚጠየቅ ካለ እዚህ ቆሟል።»

«ለማን ብለህ ነው የምትታሰረው?» አለ አስተዳዳሪው።

«ለጥፋቴ ነው።»

እርሳሱን ወደ እኔ ቀሰረ። «የቀረው በጋስ? እንደገና ልታታልለን ነው ወይስ ታውቃለህ?»

አሁንም ይህችን መልስ ሳስብ ደረቴ ይነፋል። በጓሮው አፈር የተሰበረው ጥፍሬ እየደማ፣ ሊያስሩኝ በር ላይ ሰው ቆሞ፣ ትንበያ ሰጠሁ። «ሃያ ቀን ሙሉ የፀሐይዋ መስመር አልተቋረጠም። ጉሙ ሐይቁ ላይ ተኝቶ ያረፍዳል። እስከ የካቲት ማለቂያ ተራራው ጠብታ አያይም፤ ውርጭ ብቻ ነው። ዝናቡ መጋቢት ሲገባ ይመጣል። ዘሩ ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። እህሉን አሁን ስደዱት።»

እኔ ወደ ቀበሌ እስር ቤት ስገባ የተረፈው እህል ተጭኖ ወደ ጨንቻ ወጣ። ሁለት ሳምንት ታሰርኩ፤ ከዚያ እስከ ክረምት ድረስ ወደ ዘበኝነት መለሱኝ። ካርቶን የሚቀይረውን ሰው በር ከፍቼ አስገባ ነበር። መጋቢት በገባ በአራተኛው ቀን ከተራራው በኩል ነጎድጓድ ሰማሁ። በሩን ክፍት ትቼ ሜዳው መካከል ቆምኩ፤ ዝናቡ ከጨንቻ አናት እንደ መጋረጃ ተንሸራቶ ሲወርድ እያየሁ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

አቶ ኦይቻ ያንን ዝናብ አላዩም። ላንቴ ሳሉ ወባ ወስዷቸዋል። ከደጋ ከወረዱት እሳቸው ብቻ አይደሉም የሞቱት፤ ቁጥሩን አላውቅም፣ ላውቀውም ደፍሬ አልጠየቅሁም። እህሉ በታኅሣሥ መጀመሪያ ወጥቶ ቢሆን አይወርዱም ነበር። ይህን በየትኛውም መስመር ሰርዤ ላስተካክለው አልችልም።

ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ያደረግሁትን ልቁጠርና ላብቃ።

አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ሆኜ የአርባ ምንጭን ሰማይ እስከ ጡረታ ድረስ አንብቤያለሁ፤ በሕመም ካልሆነ አንዲት የሦስት ሰዓት ንባብ አላመለጠችኝም።

በተራራው ላይ ሌሎች አራት ጣሳዎች ተክያለሁ። ለእያንዳንዱ ጠባቂ፣ ባዶ ጣሳ ነውር እንዳልሆነ በጋሞኛ አስረድቻለሁ፤ ያስረዳሁትንም መልሰው እንዲነግሩኝ አድርጌያለሁ።

ከእኔ በኋላ ለገቡት ሁሉ፣ ለተማሩትም ጭምር፣ አፈር መንካት አስተምሬያለሁ። ስቀውብኛል። ነክተዋል።

ከዚያ በኋላ በመጡት በጋዎች ሁሉ «አላውቅም» ማለት ሲገባኝ አላውቅም ብያለሁ። ይህ ከሁሉ የከበደኝ ነው።

በዚያ በጋ ዘር ተራራው ላይ ደረሰ፤ ዘግይቶ፣ ጎድሎ፣ ግን ደረሰ። በመስከረም በእማማ ቦንቼ ጓሮ ዙሪያ ገብሱ እስከ ወገብ ነበር።

የእማማ ቦንቼን ስም ለማንም አልሰጠሁም። ወንድማቸውን ያጡት በእኔ ቃል መሆኑንም፣ እኔን ያሳሳተኝ የእሳቸው ውሃ መሆኑንም ሳይሰሙ፣ በልጃቸው እጅ፣ በሰላም አርፈዋል። ዛሬ ስማቸውን የጻፍኩት ከእንግዲህ ማንም ሊያስራቸው ስለማይችል ነው።